ከወታደሩ በፊት ኮረብታው

በጥቃቅን የፕላስቲክ ወታደሮች ጠረጴዛ ላይ ጦርነት የሚጫወት ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ወታደሩን ነው። እግረኛውን፣ ፈረሰኛውን፣ መድፈኛውን በቀጭን ብሩሽ ቀለም ቀብቶ ከደረደረ በኋላ ነው «እንግዲህ የት ላይ ላቁማቸው?» የሚል ጥያቄ የሚመጣበት። ያን ጊዜ ደግሞ ገንዘቡም ትዕግሥቱም ተሟጧል። ስለዚህ ያገኘውን አረንጓዴ ጉብታ፣ ያገኘውን የጥድ ዛፍ ያሰልፍና ጦርነቱን ይጀምራል። እኛ ይህን ቅደም ተከተል እንቃወማለን። መሬቱ ከወታደሩ መቅደም አለበት እንላለን፤ ምስክራችንም ሩቅ አይደለም፣ ዓድዋ ነው።

በገበታ ላይ መዋጋት ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በጥንቱ የሐበሻ ሰንጠረዥ ጨዋታው ሲጀመር ተራ መጠበቅ ብሎ ነገር የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች እጃቸው እንደፈጠነ ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል። (ስለ ወረራ ብቻ አንድ ሰው ተነሥቶ ቢጽፍልን ደስ ባለን!) ሆኖም የሰንጠረዥ ሜዳ ልሙጥ ነው። ገበጣ ጉድጓድ አለው፤ ግን ያንተ ጉድጓድና የእኔ ጉድጓድ እኩል ነው። እውነተኛ መሬት እንዲህ ያለ ፍትሕ አያውቅም። አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ያደርጋል፤ አንዱን ያሳያል፣ ሌላውን ይሸፍናል።

ይህን የመሬት አድልዎ ወደ ጠረጴዛ ካመጡት ሰዎች ስሙ ጎልቶ የሚነሣው የፕሩሲያው ባሮን ፎን ራይስቪትስ ነው። በ1812 እ.ኤ.አ. ለንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም 3ኛ ያቀረበው ጨዋታ ባለ መሳቢያ ትልቅ ጠረጴዛ ነበር። በመሳቢያዎቹ ውስጥ ኮረብታ፣ ወንዝና መንገድ የተቀረጸባቸው ባለ ቀለም የጄሶ ጡቦች ተቀምጠዋል፤ ጡቦቹን እያገጣጠሙ በየቀኑ አዲስ አገር መሥራት ይቻል ነበር። ዛሬ በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠው ተገጣጣሚ የፕላስቲክ መልክዐ ምድር አያቱ ይኸው ነው። ልጁ ደግሞ በ1824 ጄሶውን ትቶ ጨዋታውን በ1 ለ8000 ካርታ ላይ አደረገው፤ ዳይስ ጨመረበት፤ ከሁሉም በላይ ዳኛ አቆመበት። ተጫዋቾቹ የጠላትን እንቅስቃሴ የሚያውቁት ዳኛው የነገራቸውን ያህል ብቻ ነው። ይህን ዳኛ ልብ በሉልን፣ በኋላ እንፈልገዋለን። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በ1913 ጨዋታውን ወደ ቤት ወለል አውርዶ ከልጆች የእንጨት ጡብና ከዛፍ ቅርንጫፍ አገር ሠራ፤ ከዚያ በኋላ ፕላስቲክ መጣና እጃችን ላይ ያለው ነገር ሆነ።

አሁን ወደ ዓድዋ እንሂድ። የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም. ማታ ጄኔራል ባራቲዬሪ ከ17 ሺህ የሚበልጥ ጦሩንና 56 መድፎቹን በአራት ከፍሎ አንቀሳቀሰ። በግራ አልቤርቶኔ፣ በመሐል አሪሞንዲ፣ በቀኝ ዳቦርሚዳ፣ ከኋላ ተጠባባቂው ኤሌና። ዕቅዱ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ሦስቱ ብርጌዶች እስኪነጋ ጎን ለጎን ያሉ ከፍታዎችን ይይዛሉ፣ የአፄ ምኒልክ ጦር ቢመጣ ከላይ ሆነው ይጠብቁታል። አልቤርቶኔ እንዲይዘው የታዘዘው ከፍታ በንድፍ ካርታው ላይ «ኪዳነ ምሕረት» ተብሎ ተጽፏል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ ያ ኮረብታ ኪዳነ ምሕረት አይደለም። እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ከዚያ 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ፊት፣ ወደ ዓድዋ ከተማ ቀረብ ብሎ ነበር።

አልቤርቶኔ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ካርታው ካለው ቦታ ደረሰ። ቆመ፤ ቀኙን ቢያይ ማንም የለም። መንገድ መሪዎቹ የአገሩ ሰዎች ናቸውና ኪዳነ ምሕረት ገና ወደ ፊት መሆኑን ነገሩት። እንግዲህ አስቡት፤ ትእዛዙ ኪዳነ ምሕረትን ያዝ ይላል፣ ካርታው ደርሰሃል ይላል፣ የአገሩ ሰው አልደረስክም ይላል። ሄደ። ሲነጋ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ፊት ለፊት ተገኘ። አሪሞንዲ ቀደም ብሎ የአልቤርቶኔ ሰልፍ መንገዱን አቋርጦበት ቆሞ በመጠበቅ ዘግይቷል። ዳቦርሚዳ አልቤርቶኔን እንዲረዳ ቢላክ ወደ ቀኝ ተስቦ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ውስጥ ገባ፤ በእርሱና በሌሎቹ መካከል ተራራ ቆመ። ሦስቱ ብርጌዶች በአንድ ቀን ሦስት የተለያዩ ጦርነቶችን ተዋጉ፤ አንዱ የሌላውን አያይም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቀዋለን፤ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፣ አልቤርቶኔ ተማረከ፣ መድፎቹ ቀሩ።

ይህን ስንል ድሉን ለአንድ የተበላሸ ካርታ ልንሸልም አይደለም። የተበተነን ጠላት ሳይሰባሰብ በየሸለቆው ለመምታት አገሩን በእግሩ የሚያውቅ፣ ፈጣንና ቆራጥ ሠራዊት ይጠይቃል። ፊታውራሪ ገበየሁ የወደቁት ወረቀት ላይ አይደለም። የእኛ ነገር ሌላ ነው፤ ዓድዋን ጠረጴዛ ላይ እናምጣ ካልን መሬቱ ራሱ እንደ አንድ ተዋጊ መቆጠር አለበት ነው የምንለው።

በዚህ ዓይን ገበያውን ስንመለከት ነገሩ ያሳዝናልም ያስቃልም። ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው ተገጣጣሚ ሜዳ ስድስት ጡቦች አሉት፤ የእያንዳንዱ ጎን 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሥራው ጠንካራ ነው፣ ግን በገደሉ ላይ የራስ ቅል ተቀርጾበታል። ለተረት ዓለም ተሠርቷልና አንወቅሰውም፤ የራዕዮ ተራራ ግን የራስ ቅል ቀርጾ አያውቅም። ሌላው ደግሞ የአውሮፓ ገጠር ነው፤ ለስላሳ ጉብታ፣ የአጥር ቁጥቋጦ፣ ጣሪያው የሾለ የገበሬ ቤት። ለበረሃ ጦርነት የሚሸጡት የጭቃ ቤቶች ለእኛ ይሻላሉ፤ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ስለሆነ ግድግዳቸው ላይ ድንጋይ ቢለጠፍበት የትግራይ ህድሞ ይወጣቸዋል።

መጠኑ ላይ ደግሞ ሒሳብ መሥራት ያስፈልጋል። ጠረጴዛችን 180 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ሁለቱን ኪዳነ ምሕረቶች ከነርቀታቸው ለማስቀመጥ 1 ሴንቲ ሜትር እንደ 50 ሜትር ይቆጠር፤ 7ቱ ኪሎ ሜትር 140 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ይበቃል። ከዓድዋ ከተማ 500 ሜትር ያህል ከፍ የሚለው ሶሎዳ በዚሁ ስሌት 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በ1 ለ72 መጠን የተሠራ 4 ሜትር ቁመት ያለው ህድሞ ደግሞ ከ5 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ቤቱ የተራራውን ግማሽ አከለ ማለት ነው! ስለዚህ ወታደሩ በአንድ መጠን፣ መሬቱ በሌላ መጠን መሄዱ አይቀርም፤ ማንም ሻጭ ይህን አያስወግደውም። ምርጫው ትንንሽ ወታደርና ጥቂት ቤት ነው፤ 28 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለውን ትልቁን ወታደር የሚወድ ሰው ዓድዋን በሙሉ ሳይሆን አንዱን ኮረብታ ብቻ ይጫወት።

ቀለሙም ቢሆን የካቲት ነው። አዝመራ ታጭዷል፣ ሣሩ ደርቋል፤ ከሣጥኑ የሚወጣው ለምለም አረንጓዴ ግንቦትን በእንግሊዝ አገር ነው የሚያሳየው። ጥዱና ወይራው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ይሰብሰብ። ባሕር ዛፍ የሚያስቀምጥ ሰው ካለ አደራ ያንሣልን፤ ያ ዛፍ ወደ አዲስ አበባ ራሱ የገባው በዚያው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ ኮልፌ አጠና ተራ ቆሞ የሚያድግ ሰው የኢትዮጵያ ዛፍ ሁሉ አጠና ቢመስለው አይፈረድበትም።

ኮልፌን ካነሣን አይቀር፤ ሠፈራችን በዚህ ነገር የራሱ ትምህርት አለው። በ1962 እ.ኤ.አ. ኔልሰን ማንዴላ እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ሠራዊት ዘንድ፣ በኮሎኔል ታደሰ ብሩ የበላይ ኃላፊነት ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ስድስት ወር ይቆያል የተባለው በሁለት ወር ገደማ ተቋርጦ ወደ አገራቸው ተጠሩ። ተኩስና ፈንጂ ተምረዋል፤ እኛን የሚስበን ግን የእግር ጉዞው ነው። ጠመንጃ፣ ጥይትና ውኃ ብቻ ተይዞ በተወሰነ ሰዓት ሩቅ ቦታ ይደረሳል፤ የአገራችንን ጫካና ደጋ የተረዱት በዚያ ጉዞ መሆኑን በሕይወት ታሪካቸው ጽፈውታል። ባራቲዬሪ በወረቀት የተማረውን ነገር ኮልፌ በጫማ ያስተምር ነበር ማለት ነው። ከእኛ አብዛኛው ዓድዋ ድረስ ለመሄድ አቅም የለውም፤ ወጨጫ ግን ከደጃችን ይታያል። ተረተሩን በእግሩ የወጣ ሰው ቀጣዩ ሸለቆ ጫፉ ላይ እስኪደርስ ድረስ እንደማይታይ ያውቃል፤ ኮረብታ ሲመርጥም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከጀርባው ስንት ወታደር ይደብቃል?» ብሎ ነው።

እንግዲህ ምን እንግዛ? መርካቶ ብንዞር አሻንጉሊት እንጂ ተገጣጣሚ መልክዐ ምድር አላገኘንም፤ የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ አምጡ ቢባል የእኛ መልስ አንድ ዓይነት ሁለት ኮረብታ ነው። የፕላስቲክ መሬት ትልቁ ነቀፋ ሁሉም ከአንድ ቅርጽ የሚወጣ መሆኑ ነው፤ ተፈጥሮ አንድ ኮረብታ ሁለት ጊዜ አትሠራም ይባላል። ለዓድዋ ግን የሚያስፈልገን ይኸው ነቀፋ ነው። ሁለት ኮረብታ፣ አንድ ስም። አናታቸው ጠፍጣፋ፣ ጎናቸው ገደል፣ ወታደር ሳይንሸራተት የሚቆምበት እርከን ያላቸው ቢሆኑ ይመረጣል። በመካከላቸው የሚቆሙትን ተራሮች ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚወጣው ነጭ ፎም እዚሁ መቁረጥ ይቻላል። ማስቲሽ ግን ፎሙን ይበላዋል፤ የአናጢ ነጭ ኮላ ይሁን፤ በላዩ የተነፋ አሸዋ፣ ለደረቁ ሣር ቢጫ ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ይበተንበት።

የፕሩሲያው ዳኛ የሚያስፈልገን አሁን ነው። ተጫዋች ጠረጴዛውን ከላይ ያያል፤ ሁሉን የሚያይ አልቤርቶኔ ደግሞ አይሳሳትም። ስለዚህ የሁለቱ ኮረብታዎች ስም በዳኛው ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። የኢጣሊያ አዛዦች አንድ ኮረብታ ብቻ ያለበት የእጅ ንድፍ ይሰጣቸው፤ በተለያየ ክፍል ይቀመጡ፤ የትኛው ላይ መቆም እንዳለባቸው ራሳቸው ይወስኑ።

የማርያም ሸዊቶ ነገር ይቀራል። ሻጮች ሁሉ የሚሸጡት ኮረብታ ነው፤ ሸለቆ የሚሸጥ የለም፣ ጠረጴዛ ወደ ታች አይቆፈርምና። ሸለቆ የሚፈልግ ሰው የቀረውን አገር በሙሉ ከፍ ማድረግ አለበት። ለዳቦርሚዳ ሲባል ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር አራት ጣት ውፍረት ባለው ፎም ይሸፈንና ሸለቆው በስለታም ቢላ ይወጣ፤ ጥልቀቱም የቆመ ወታደር ከራስ ቁሩ ጀምሮ የሚሰወርበት ይሁን።