ሁለት መድኃኒት፣ አንድ መንገድ

ከአርሲ ወደ አዲስ አበባ ለሕክምና የሚጓዝ ሰው አዳማን አልፎ ሞጆ ይደርሳል። በደረቅ ወደቡ ከጅቡቲ የመጣ ኮንቴይነር ተደራርቦ ይታያል። ምግብ አልወርድ ካለው ወራት የሆነው በሽተኛ የሚያስበው ግን አንድ ነገር ነው፦ መድኃኒቱ ይገኝ ይሆን?

አርሲና ባሌ በምግብ ቧንቧ (በተለምዶ በጉሮሮ) ካንሰር ስማቸው ተደጋግሞ ይነሳል። በሽታው ከኢትዮጵያ ተነስቶ በኬንያ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚዘልቀው መስመር በብዛት ይታያል። ብዙዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ቀዶ ጥገና የሚቻልበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።

ለእነዚህ ሰዎች የሚሰጠው ጥምር ኬሞቴራፒ አዲስ ግኝት አይደለም። ፍሎሮዩራሲልን እ.ኤ.አ. በ1957 ያስተዋወቁት አሜሪካዊው ቻርልስ ሃይደልበርገርና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ ባርኔት ሮዘንበርግ ኤሌክትሪክ በባክቴሪያ ላይ ያለውን ተጽዕኖ ሲያጠኑ፣ ባክቴሪያዎቹ መከፋፈል አቆሙ። ምክንያቱ ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከፕላቲነሙ የወጣው ውህድ ነበር። ከዚያ የተገኘው ሲስፕላቲን እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ ተፈቀደ። አንዱ የካንሰሩን ሕዋስ ዲኤንኤ ይጎዳል፤ ሌላው አዲስ ዲኤንኤ እንዳይሠራ ያግዳል። የመጣመራቸው ምሥጢር ይኸው ነው።

ጥምረቱ ፈውስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ በታተመ፣ 749 ሕሙማን በተሳተፉበት ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ኬሞቴራፒ ብቻ የወሰዱት አማካይ የመኖሪያ ጊዜ 9.8 ወር ነበር፤ ፔምብሮሊዙማብ ሲጨመር 12.4 ወር ሆነ። ጥቂት ወራት ይመስላል። ልጁን ለመዳር፣ እዳውን ለመክፈል፣ ቤተሰቡን ለመሰናበት ለሚፈልግ ሰው ግን ጥቂት አይደለም።

ችግሩ ያለው «ጥምር» በሚለው ቃል ላይ ነው። ሲስፕላቲን ኩላሊት እንዳይጎዳ በቂ ፈሳሽ ይፈልጋል። ፍሎሮዩራሲል ለቀናት በደም ሥር ይንጠባጠባል፤ አልጋ፣ ነርስና ምርመራ ይጠይቃል። ከሳምንታት በኋላም መመለስ ግድ ነው። የጨረር ሕክምና ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ በጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥበት በነበረ አገር፣ የትራንስፖርቱና የማደሪያው ወጪ ራሱ ሌላ በሽታ ነው። ከሁለቱ መድኃኒቶች አንዱ ከጠፋ ደግሞ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው።

ሁለቱም የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው፤ የባለቤትነት መብታቸው ካበቃ ዘመን አልፏል። ስለዚህ ጥያቄው የሳይንስ ሳይሆን የግዥ፣ የውጭ ምንዛሪና የቅደም ተከተል ነው። አገር ለማዳበሪያ ቀድማ ታቅዳለች፤ ጭነቱ በየትኛው ወር እንደሚደርስ ትቆጥራለች። ለአርሲው ገበሬ ቀጣይ ዙር መድኃኒትም እንዲሁ ቀድሞ መቆጠር አለበት።