«ቦርዱ ጨርሶታል» ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ የድሮ ተማሪዬ፣ ዛሬ የሠራተኛ ማኅበር ሊቀመንበር፣ «ጋሼ፣ ቦርዱ ፈረደብን። አሠሪያችን በቃ አለቀ ይላል፤ እውነት ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። ለሁላችሁም ይጠቅማል ብዬ እዚሁ ልመልስለት።

የአሠሪና ሠራተኛ ቦርድ ሥር የያዘው በጃንሆይ ዘመን፣ በአዋጅ ቁጥር 210/1956 ነው። ብዙ አዋጅ መጣ፣ ብዙ ሄደ፤ ቦርድ የሚባለው ነገር ግን ዛሬም አለ። በአዋጅ 377/1996 ቦርዱ ውስጥ ከሰብሳቢውና ከባለሙያዎቹ ሌላ ሁለት የሠራተኛ፣ ሁለት የአሠሪ ተወካዮች ይቀመጡ ነበር። ፋብሪካውን ያውቁታል ተብሎ መሰለኝ፣ ፍሬ ነገር ላይ ቦርዱ ያለው የመጨረሻ ሆነ። በሕግ ጥያቄ ግን በ30 ቀን ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይባላል። የ2011ዱ አዋጅ 1156ም ከዚህ መስመር አልወጣም።

ችግሩ መስመሩ ቀጭን ነው። የማታው ፈረቃ ስንት ሰዓት ቆየ? ይሄ ፍሬ ነገር ነው። ያ ሰዓት በሕጉ ትርፍ ሰዓት ይባላል ወይ? ይሄ ሕግ ነው። የሰዓት መዝገቡን ቦርዱ ፊት ያላቀረበ ማኅበር ሁለተኛውን ጥያቄ ይዞ ቢሄድም ባዶ እጁን ነው። በእኔ እምነት ሠራተኛ የሚሸነፈው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ከከፍተኛው ፍርድ ቤት በኋላም መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለ ሰበር አለ፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ላይ አስቀምጦታል። ሰበርም ቢሆን ምስክር እንደገና አይሰማም።

ስለዚህ አንተ ልጅ፣ አሠሪህን ተወውና ይህን ንገረኝ፦ ውሳኔው የተነበበላችሁ ወይም የደረሳችሁ መቼ ነው? 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው።