አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ

አየር ጤና አካባቢ የሚኖር አንድ ጎረቤቴ መሬት ቀያሽ ነው። ባለፈው መስከረም ባለ እጀታ፣ ጠርዙ በጎማ የተለበጠ፣ ክብደቱ እንደ ድንጋይ የሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ይኼ ቢወድቅ አይሰበርም፤ ዝናብ ቢመታው ግድ የለውም» አለኝ በኩራት።

ሳምንት ሳይሞላው ፊቱን አጥቁሮ ተመለሰ። የአንዲት አሮጊት ግቢ ወሰን ሲስል ጠቋሚዋ ከጣቱ ሸሽታ መስመሩን አዛብታበት ኖሯል። በስክሪኑ ላይ የፀጉር ያህል የምትታይ ስሕተት መሬት ላይ ስትወርድ የአጥር ጠብ ናት። ደግነቱ ወረቀቱ ሳይታተም ደረሰበት። «ማሽኑን ልሸጠው ነው» አለ።

አንባቢ ሆይ፣ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ጥቂት ወደኋላ እንመለስ።

ማውዝ የምንላት አይጥ የተወለደችው አሜሪካን አገር፣ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ነው። ሐሳቡ የዳግላስ ኤንግልባርት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያዋን የሠራት ደግሞ የሥራ ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ ነው። ገላዋ እንጨት፣ እግሮቿ ሁለት ጎማዎች ነበሩ፤ ገመዷ ጅራት ስለመሰለ አይጥ ተባለች። ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለሕዝብ ታየች። በ1984 የአፕል ማኪንቶሽ ከተራው ሰው ጠረጴዛ ላይ አወጣት። ያኔ ሆዷ ውስጥ ኳስ ነበራት፤ ኳሷ አቧራ እየጠቀለለች ስለምትደናቀፍ በየጊዜው ማጽዳት ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1999 በኋላ ኳሷ ቀስ በቀስ ለብርሃን ቦታ ለቀቀች።

ጠንካራው ላፕቶፕ ሌላ የዘር ሐረግ አለው። የፓናሶኒክ ተፍቡክ በ1996 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የታሰበው ለቢሮ ሰው ሳይሆን ለሜዳ ሠራተኛ ነው። ስለዚህም በብዙዎቹ ዓይነቶች ላይ ታችፓድ የሚሉት የጣት መዳሰሻ ግፊት ብቻ እንዲሰማ ተደረገ፤ ጓንት ያጠለቀ እጅም ይሠራበት ዘንድ። ለጓንት የተመቸው ግን ለቀጭን መስመር አልተመቸም። የጎረቤቴ ጣት የታገለው ከዚሁ ጋር ነበር።

ይህ ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ለአንዳንድ ተማሪ ቤቶቻችን ነጭና አረንጓዴ ትናንሽ ላፕቶፖች መጥተው ነበር፤ ኤክስኦ ይባላሉ። ለሕፃን እጅ፣ ለአቧራና ለፀሐይ የታሰቡ ናቸው፤ የፊደል ሰሌዳቸው በጎማ የተሸፈነ ነው። ይሁንና በመጀመሪያዎቹ ላይ ጠቋሚው ያለ ትእዛዝ ይዘል ነበር። መድኃኒቱ የሰሌዳውን አራት የማዕዘን ቁልፎች ባንድነት ተጭኖ መዳሰሻውን ማስተካከል ነው፤ አለዚያም ከውጭ ማውዝ መሰካት። መሰኪያዎቹን ግን የሚሸፍኗቸው ሁለቱ የአንቴና ጆሮዎች ናቸው። ማውዝ ለመሰካት ጆሮው ይከፈታል፤ ጆሮው ሲከፈት አቧራው ይገባል።

የምርጫው ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ጠንካራ ላፕቶፕ ጠንካራ የሚሆነው በሮቹ ሲዘጉ ነው። አይፒ65 የሚል ምልክት ያለው ማሽን አቧራ ፈጽሞ አያስገባም፣ የሚረጭ ውሃንም ይቋቋማል፤ ይህ ግን የመሰኪያዎቹ ክዳን ተገጥሞ ሲቆይ ነው። ባለገመድ ማውዝ የሰካ ሰው፣ በግንብ በታጠረ ግቢ በሩን ገርበብ አድርጎ እንደተኛ ነው። አውራ ጣት የምታህል መቀበያ ያላት ገመድ አልባም ያው በር ታስከፍታለች፤ በዚያ ላይ ከጎን ወጥታ ስለምትቀር መኪና ውስጥ ትሰበራለች፣ ትጠፋለችም። በብሉቱዝ የምትሠራዋ ብቻ በሩን ሳታስከፍት ትገባለች፤ እሷ ደግሞ ባትሪ ትበላለች።

ስለዚህ ለጎረቤቴ ያልኩት ይህን ነው፦ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ መካከለኛ ጎማ ያላት ባለገመድ ማውዝ ትበቃሃለች፤ ባትሪ አትጠይቅም፣ ሥዕሉን በጎማዋ ታቀርበዋለህ፣ ታርቀዋለህ። ጥራቷን ከመግዛትህ በፊት በመዳፍህ ያዛት፤ ለእጅህ የጠበበች ከሆነች ማታ ላይ አንጓህ ይነግርሃል። በመስታወት ላይ አታስሂዳት፤ የብርሃን ማውዝ መስታወት ላይ ትታወራለች፤ የደብተር ሽፋን ብታነጥፍላት ይበቃታል። ሜዳ ስትወጣ ግን ንቀላት፣ ክዳኑን ግጠም። ሜዳ ላይ ማውዝ የግድ ካስፈለገህ የብሉቱዟን ያዝ።

የላፕቶፑን ዋጋ ከማውዟ ዋጋ ጋር ብናስተያየው፣ ሊሸጥ የነበረው ግንቡ ነው፤ የጎደለው ግን የበር እጀታ ነበር። አባቶቻችን «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ያሉት ለዚህ ይመስላል።

ማውዟን ገዛት። በማግሥቱ ማታ በሩን አንኳኩቶ የታተመውን ወረቀት አሳየኝ። የአሮጊቷ ወሰን ከጥግ እስከ ጥግ ቀጥ ብሎ ተሥሏል። «ጋሼ፣ አሁን ፈርሜ ልሰጣቸው እችላለሁ» አለኝ።