በጠመኔ የተጻፈው ቃል

የጌታ እራት በሚቀርብበት እሑድ ዝማሬው ይዘመራል፣ ሽማግሌዎች ኅብስቱንና ጽዋውን ያዞራሉ፣ ጥቂት ቆይቶም ማስታወቂያ ይነበባል። ምናልባት ጽዋው እስኪደርሳችሁ ስልካችሁን ነካ ነካ ያደረጋችሁበት ቀን ይኖር ይሆናል። አንድ ሰው ድንገት «በዚያ ማዕድ ላይ ክርስቶስ በእርግጥ አለ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ብዙዎቻችን «ምልክት እኮ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ከማለፋችን በፊት ግን ሁለት የተሐድሶ አባቶች በዚህ ጥያቄ ፊት ለፊት ወደተገናኙበት ስፍራ አብረን እንሂድ።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1529 ነው። በዚያው ዓመት በጀርመን አገር በሽፓየር ጉባኤ ላይ ወንጌልን የተቀበሉ መሳፍንት ተቃውሟቸውን አሰምተው ነበር፤ «ፕሮቴስታንት» የሚለው ስም የወጣው ከዚያ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ካርል 5ኛ ወደ ሮም ቤተ ክርስቲያን ሊመልሳቸው ይፈልጋል። የሄሰን ገዥ የነበረው ፊሊፕ የ24 ዓመት ወጣት ቢሆንም አደጋው ታየው፤ የጀርመንና የስዊዝ ተሐድሶ ሰዎች ካልተባበሩ ለየብቻቸው ይመታሉ። የሚለያያቸው ዋና ጉዳይ ደግሞ የጌታ እራት ነበር። ስለዚህ በጥቅምት ወር መጀመሪያ ሁለቱንም ወገኖች ማርቡርግ በሚገኘው ቤተ መንግሥቱ ሰበሰባቸው።

ከዊተንበርግ ማርቲን ሉተርና ሜላንክቶን፣ ከዙሪክ ኡልሪክ ዝዊንግሊ፣ ከባዝል ኢኮላምፓዲየስ፣ ከስትራስቡርግ ቡሰር መጡ። ሉተርና ዝዊንግሊ እኩያሞች ናቸው፤ በልደታቸው መካከል ሁለት ወር እንኳ አይሞላም። ለዓመታት በመጻሕፍት ሲሟገቱ ቆይተው ፊት ለፊት የተያዩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ብዙ የሚያስማማቸው ነገር ነበር። ኅብስቱ በካህኑ ቃል ተለውጦ ኅብስትነቱ ይቀራል የሚለውን ትምህርት ሁለቱም አይቀበሉም። ቅዳሴው ዳግም መሥዋዕት ነው የሚለውንም እንዲሁ። ጽዋውም ለምእመናን ሁሉ ሊሰጥ ይገባል ይላሉ። የቀረው አንድ ቃል ነው፤ «ነው» የሚለው ቃል።

ክርክሩ ሲጀመር ሉተር ጠመኔ አንሥቶ ጌታ ኅብስቱን ሥጋዬ ነው ያለበትን ቃል በላቲን ጠረጴዛው ላይ ጻፈ፤ በከፈይ ጨርቅም ሸፈነው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ ጌታ «ነው» ካለ ነው፤ እኔ ማን ነኝና እለውጠዋለሁ? አባት በኑዛዜው ላይ «ይህ ቤት የአንተ ነው» ቢል፣ ልጅ «ምሳሌ መናገሩ ነው» ብሎ ቤቱን ትቶ አይሄድም። የሉተር ጭንቀት የእረኛ ጭንቀትም ነበር። ማዕዱ በእኔ ማስታወስ ላይ ብቻ ከቆመ፣ እምነቴ በደከመበት ቀን ምን እይዛለሁ? ክርስቶስ ራሱን የሚሰጠኝ በቃሉ ነው፤ በእኔ ብርታት አይደለም።

ዝዊንግሊ ደግሞ «ነው» ማለት «ያመለክታል» ማለት ነው አለ። ጌታ እኮ ራሱን የወይን ግንድ ብሏል፣ በር ብሏል። እኛም ጀግናን «አንበሳ ነው» ስንል ጭራ እንዳለው ማሰባችን አይደለም። የዮሐንስ ወንጌል 6፥63ንም ጠቀሰ፤ ሕይወት የሚሰጠው መንፈስ ነውና። ክርስቶስ በሥጋ ዐርጎ በአብ ቀኝ ተቀምጧል፤ ሥጋው በየማዕዱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ካለ፣ እንደ እኛ እውነተኛ ሰው መሆኑ ምን ይሆናል? የዝዊንግሊም ጭንቀት የእረኛ ነበር፤ ሕዝቡ በተሰቀለው ጌታ ፋንታ በኅብስቱ ላይ እንዳይታመን ይፈራል። ነገሩ ሲጠነክር ሉተር ጨርቁን ገልጦ ጽሕፈቱን አሳየ። ከዚያ ፈቀቅ አላለም።

በዚያው ሰሞን ወረርሽኝ ገብቶ ስብሰባው በጥድፊያ ተጠናቀቀ። ከተጻፉት 15 አንቀጾች በ14ቱ ሙሉ በሙሉ፣ በ15ኛውም በአብዛኛው ተስማሙ፤ አሥር ሰዎችም ፈረሙ። ያልተስማሙት የክርስቶስ እውነተኛ ሥጋና ደም በአካል በኅብስቱና በወይኑ ውስጥ አለ ወይ በሚለው ላይ ብቻ ነበር። ዝዊንግሊ እያለቀሰ ወንድማማችነትን ለመነ። ሉተር ግን መንፈሳችን አንድ አይደለም ብሎ እንደ ወንድም ሊቀበለው አልፈቀደም። ከሁለት ዓመት በኋላ ዝዊንግሊ ካፔል በተባለ ስፍራ በጦርነት ሞተ። ዳግመኛም አልተገናኙም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከሁለቱ አንዳቸውም ክርስቶስ ከማዕዱ የለም አላሉም። ዝዊንግሊ ራሱ በኋላ በጻፈው ላይ ክርስቶስ ለእምነት ዐይን በማዕዱ አለ ብሎ መስክሯል። በማርቡርግ ጊዜ የ20 ዓመት ወጣት የነበረው ካልቪንም ቆይቶ ምልክቱ ባዶ አይደለም፣ መንፈስ ቅዱስ በሰማይ ካለው ክርስቶስ ጋር በእውነት ያገናኘናል ብሎ አስተማረ። የተሟገቱት ክርስቶስ እንዴት እንዳለ ነው። እኛ «ምልክት እኮ ነው» ብለን ስናልፍ ግን ከዝዊንግሊም አንሰን እንገኛለን።

የተሰበረው እስኪጠገን ብዙ ዘመን ፈጀ። የአውሮፓ የሉተራንና የሪፎርምድ አብያተ ክርስቲያናት በስዊዘርላንድ ሎይንበርግ በማዕድ የተስማሙት በ1973 ነው፤ ከማርቡርግ 444 ዓመት በኋላ። በአገራችንም በዚያው ዘመን ያማረ ነገር ሆነ፤ ከሉተራን ሚስዮኖች ሥራ ከበቀለችው መካነ ኢየሱስ ጋር ከፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን የተገኘችው ቤቴል በ1974 ተዋሐደች። ማርቡርግ ላይ ማዕድ ያለያያቸው ሰዎች የእምነት ልጆች በአንድ ማዕድ ተቀመጡ።

ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች ሥጋውን ሳይለዩ ይበላሉ ብሎ የገሠጻቸው ስለ ኅብስቱ ምንነት ተከራክረው አልነበረም። ያለው ቀድሞ ጠግቦ የሌለው ተርቦ ስለቀረ ነው። የማርቡርግ አባቶች ክርስቶስን በማዕዱ ላይ አጥብቀው ፈለጉት፤ ይህን ከእነርሱ እንማር። ከጠረጴዛው ማዶ በተቀመጠው ወንድም ውስጥ ማየት ግን ከበዳቸው። በሚቀጥለው የጌታ እራት ጽዋው ወደ እናንተ እየመጣ ሳለ ስልኩን አስቀምጡ። ጌታ በዚያ እንዳለ እመኑ፤ ከዚያም ቀና ብላችሁ በረድፉ ውስጥ የተቀያየማችሁት ሰው እንዳለ ተመልከቱ። ካለ፣ ጽዋው ሳይደርስ ተነሥታችሁ ወደ እርሱ ሂዱ።