ለዓሣ ማጥመድ መነጽር ልትገዙ ነው? ከቀለሙ በፊት እነዚህን እወቁ

ዓሣ የሚያጠምድ ሰው መነጽር ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ ቀለም ይሻላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ቦታው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ከእሱ በፊት የሚመጡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። መነጽሩ ዓይናችሁን ከጨረር ይጠብቃል ወይ? የውሃውን ነጸብራቅስ የምር ያጠፋል ወይ? ሁለቱ ካልተመለሱ ቀለሙ ጌጥ ብቻ ነው። ዛሬ ሦስቱንም በየተራ እናያለን።

1. መጥቆርና መከላከል አንድ አይደሉም

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሌንሱ ከጠቆረ ሁሉን ነገር የሚከላከል ይመስለናል። ጥቁረቱ ግን የሚቀንሰው በዓይን የሚታየውን ብርሃን ነው። ዓይን የሚጎዳውን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚያግደው ሌንሱ የተሠራበት ነገር ወይም በላዩ ያለው ሽፋን ነው። ምንም ቀለም የሌለው ሌንስ ጨረሩን ሙሉ በሙሉ ሊያግድ ይችላል፤ ድቅድቅ ያለ ጥቁር ደግሞ ሊያሳልፈው ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ጥቁር መነጽር ከምንም የባሰ ነው፤ ብርሃኑ ሲቀንስ የዓይናችን ብሌን ይሰፋል፣ ጨረሩም እንደልቡ ይገባል።

ውሃ ላይ ለሚውል ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ጨረሩ ከላይ ይወርዳል፣ ከውሃውም ላይ ነጥሮ ከሥር ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የጨረሩ መጠን በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጣና ሐይቅ ያለው ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ለዓመታት የተጠራቀመ ጨረር ለዓይን ሞራ ግርዶሽና በዓይን ነጩ ክፍል ላይ ለሚያድግ ሥጋ ያጋልጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልጉት «ዩቪ 400» የሚለውን ነው። እስከ 400 ናኖሜትር ያለውን ጨረር ያግዳል ማለት ነው። ነገር ግን ይህን ጽሑፍ ማንም ሰው ስቲከር ላይ ሊያትመው ይችላል። የጨረር መለኪያ ያለው መነጽር ቤት ካገኛችሁ ከመክፈላችሁ በፊት «ለኩልኝ» በሉ። የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው።

2. ፖላራይዝድ ማለት ምን ማለት ነው?

የፀሐይ ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ ይርገበገባል። ጠፍጣፋ ውሃ ላይ ሲነጥር ግን አብዛኛው ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ወደ ጎን ብቻ ይርገበገባል። ዓይን የሚወጋው ብልጭታ እሱ ነው። ፖላራይዝድ ሌንስ ውስጥ ወደ ጎን የሚርገበገበውን ብርሃን የሚያስቀር ስስ ፊልም አለ። ቀጥ ብሎ የሚርገበገበው ያልፋል፤ ከውሃው ውስጥ የሚመጣው ብርሃንም በከፊል ያልፋል። ለዚህ ነው ውሃው በድንገት «የሚከፈተው»።

ፊልሙን የሠራው አሜሪካዊው ኤድዊን ላንድ ሲሆን ለፈጠራው መብት ያመለከተው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። አንዳንዱ ሰው እስከ ዛሬ «ፖላሮይድ» የሚለው የላንድ ድርጅት ስም ስለቀረ ነው።

ነጸብራቁ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የሚጠፋው ውሃውን ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብላችሁ ስታዩት ነው። ዳር ላይ ለቆመ፣ ዓይኑ ከውሃው 1.7 ሜትር ከፍ ላለ ሰው፣ ይህ ቦታ ከፊቱ 2.3 ሜትር አካባቢ ላይ ይውላል። ወደ ሩቅ በተመለከታችሁ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። ራሳችሁን ወደ ጎን ካዘነበላችሁም ነጸብራቁ ተመልሶ ይመጣል፤ መነጽሩ ተበላሽቶ አይደለም፣ ፊልሙ ስለዞረ ነው።

3. ሱቅ ውስጥ እንዴት ትፈትኑታላችሁ?

• ሻጩን ሁለት ፖላራይዝድ መነጽር አስወጡት። ሌንስ በሌንስ ላይ ደርቡና አንዱን ሩብ ዙር አዙሩ። የተደረበው ቦታ ከጠቆረ ሁለቱም እውነተኛ ናቸው።

• ሁለተኛ መነጽር ከሌለ የካልኩሌተር ወይም የዲጂታል ሰዓት ስክሪን በመነጽሩ አሳልፋችሁ እያያችሁ አዙሩት። በአንድ አቅጣጫ ስክሪኑ ሊጨልም ይገባል። አንዳንድ የሞባይል ስክሪኖች ግን ሙሉ በሙሉ ስለማይጨልሙ በሞባይል ብቻ አትፍረዱ።

• ደጅ ወጥታችሁ የመኪና መስታወት ወይም የሚያብረቀርቅ የወለል ንጣፍ ተመልከቱ። መነጽሩን ስታዞሩት ብልጭታው መጥፋትና መምጣት አለበት።

እነዚህ ፈተናዎች የሚያረጋግጡት ፖላራይዝድ መሆኑን ብቻ ነው። ስለ ጨረሩ ምንም አይነግሯችሁም።

4. አሁን ወደ ቀለሙ

ቀለሙን የሚመርጥላችሁ የምታጠምዱበት ውሃና ሰዓት ነው።

ግራጫ፦ ቀለማትን ሳይለውጥ ሁሉንም እኩል ይቀንሳል። ጀልባ ላይ ሆናችሁ ጥልቅና ገላጣ ውሃ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ለምትውሉ ዓይን አያደክምም።

ቡኒ ወይም መዳብማ፦ ሰማያዊ ብርሃንን ስለሚቀንስ ጥላና ቅርጽ ጎልቶ ይታያል። ዳር ዳሩን፣ ጥልቀት በሌለው ውሃና በወንዝ ላይ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ለሚፈልግ ሰው ይህ ይሻላል። በባሌ ተራሮች በኩል በሚወርደው የወይብ ወንዝ ላይ ትራውት ለሚያጠምዱትም የድንጋዩንና የዓሣውን ቅርጽ ለመለየት ይረዳል።

ቢጫ፦ ብዙ ብርሃን ያሳልፋል። ለማለዳ፣ ለአመሻሽና ሰማዩ ለከበደበት ቀን ጥሩ ነው። እኩለ ቀን ላይ ግን አይበቃም። ጭራሽ ሲጨልም ደግሞ የትኛውንም ፖላራይዝድ አውልቁ፤ ፊልሙ ራሱ ግማሽ ያህሉን ብርሃን ያስቀራል።

አረንጓዴ፦ በግራጫና በቡኒ መካከል ነው። ቀለማትን ብዙ አያዛባም፣ ትንሽ ቅርጽም ያጎላል።

ሰማያዊው፣ ቀዩና ወርቃማው መስታወትማ ሌንስስ? እሱ ከውጭ የተቀባ ሽፋን ነው። ብርሃን ትንሽ ይመልሳል እንጂ የሌንሱን እውነተኛ ቀለም አይነግራችሁም። እውነተኛውን ለማወቅ መነጽሩን አድርጋችሁ ነጭ ወረቀት ተመልከቱ።

አንድ መነጽር ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰውስ? ከዳር ሆኖ የሚያጠምድ ከሆነ ቡኒ ወይም መዳብማ ይግዛ። ብዙውን ጊዜ ጀልባ ላይ ከሆነ ግራጫ።

5. የጥቁረት ደረጃ

በአውሮፓ ደረጃ የተሠሩ መነጽሮች በዘንጋቸው ውስጠኛ ክፍል ላይ ከ0 እስከ 4 ቁጥር ሊኖራቸው ይችላል። ደረጃ 3 ከብርሃኑ ከ8 እስከ 18 በመቶ ያሳልፋል፤ ለኛ ሐይቆች ቀን ቀን የሚሆነው እሱ ነው። ደረጃ 4 ከ3 እስከ 8 በመቶ ብቻ ስለሚያሳልፍ መኪና ለመንዳት አይፈቀድም። ከሐይቅ ስትመለሱ የምትነዱ ከሆነ ይህን ልብ በሉ።

6. ሌንስና ፍሬም

መስታወት ሌንስ ጥርት ያለ ነው፣ በቀላሉ አይጫርም፤ ግን ከባድና ተሰባሪ ነው። ፖሊካርቦኔት ቀላልና ምት የሚችል ሲሆን ቶሎ ይጫራል። መንጠቆ የምትወረውሩ ከሆነ ፖሊካርቦኔትን እንመርጣለን። ከጎናችሁ ያለ ሰው የወረወረው መንጠቆ ዓይን ላይ ቢያርፍ የሚመጣውን አስቡት። ቅርጹ ፊት ላይ ጥምዝ ብሎ ጎኑን የሚሸፍን ይሁን፤ ከጎን የገባ ብርሃን በሌንሱ ውስጠኛ ፊት ላይ ነጥሮ ያስቸግራል። ባርኔጣ ጨምሩበት። ማንጠልጠያ ገመድም አትርሱ፤ ውሃ ውስጥ የወደቀ መነጽር አይመለስም።

የእይታ መነጽር የምታደርጉ ሰዎች ፖላራይዝድ ሌንስ በቁጥራችሁ ማሠራት ይቻላል።

ስታጸዱት በደረቁ በልብስ ጫፍ አትጥረጉት፤ አሸዋው ይጭረዋል። መጀመሪያ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አትተዉት፤ ሙቀቱ ፊልሙን ሊያላቅቀው ይችላል።

7. መነጽር የማያደርገው ነገር

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ፖላራይዝድ መነጽር ነጸብራቅ ያነሳል እንጂ ጭቃ አያጠራም። ዓባያ ሐይቅ ቀላ ያለው በውስጡ በተንሳፈፈው ደለል ምክንያት ነው፤ በዓለም ላይ ያለ የትኛውም መነጽር ውስጡን አያሳያችሁም። ጣናም ክረምት ላይ ጎርፍ ሲገባበት እንዲሁ ነው። እንዲህ ባለ ውሃ ላይ ጥቅሙ ዓይንን ማሳረፍና ገጹን ማንበብ ነው፦ የሚንቀሳቀስ ጥላ፣ አረፋ፣ የሚወዛወዝ ደንገል።

ሌላው፣ ዓሣው ከምታዩት በላይ ጥልቅ ላይ ነው። ከላይ ቁልቁል ስታዩት 1 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ዓሣ 75 ሳንቲሜትር ላይ ያለ ይመስላል። ብርሃን ከውሃ ሲወጣ ስለሚታጠፍ ነው፤ ይህን መነጽሩ አያስተካክለውም።

ከሁሉም በላይ፣ ጣና ላይ ጉማሬ አለ፤ ጫሞ ላይ ጉማሬም አዞም አለ። ነጸብራቅ ሲጠፋ ከገጹ ብቅ ያለ ጆሮና አፍንጫ ቀድማችሁ ልታዩ ትችላላችሁ፤ ደፍርሶ ከሆነ ግን ከሥር ያለውን አታዩም። «መነጽር አድርጌያለሁ» ብሎ መጠጋት የለም። የአካባቢውን ዓሣ አጥማጆች ጠይቁ፤ የት እንደሚተኛ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

በአጭሩ፦ መጀመሪያ ጨረር መከላከሉን፣ ቀጥሎ ፖላራይዝድ መሆኑን፣ ከዚያ የሚሆነውን ቅርጽና የጥቁረት ደረጃ፣ በመጨረሻ ቀለሙን። ገንዘባችሁ ካነሰ ከቀለሙ ላይ ቀንሱ እንጂ ከመጀመሪያው ላይ አትቀንሱ። ዓሣው ቢያመልጥ ነገ ይመጣል፤ ዓይን ግን አይተካም።

እናንተስ በየትኛው ውሃ ላይ፣ በየትኛው ቀለም ታጠምዳላችሁ? ጻፉልን። ሐይቅ ላይ ለሚውል ወዳጃችሁም አድርሱለት።