የአያት ጠገራ ብር በምን ይጠቅለል?

ጠገራ ብር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው፣ የአንዲት ሴት ምስል ያለበት ትልቅ የብር ሳንቲም ነው። ሴትዮዋ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ናት። ሳንቲሙ ላይ የምታነቡት 1780 ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የተመቱትም ሁሉ ይኸው ቁጥር ስላለባቸው፣ እጃችሁ ላይ ያለው መቼ እንደተመታ ከቁጥሩ አታውቁም።

ታዲያ ይቺ ንግሥት ሸዋ ድረስ ምን አመጣት? ንግድ ነዋ! በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847 እ.ኤ.አ.) አንኮበር የሸዋ መናገሻ ነበረች። ከታጁራ ወደብ ተነስተው የአፋርን በረሃ የሚያቋርጡ ሲራራ ነጋዴዎች ከአንኮበር በታች ባለው አልዩ አምባ ገበያ ያራግፉ ነበር። ትልልቁ ግብይት በጠገራ፣ ትንንሹ በአሞሌ ጨው ይካሄዳል።

የዚያ ዘመን ሰው ግን ጠገራ ሲሰጡት ዝም ብሎ አይቀበልም። በንግሥቲቱ ራስ ጌጥና በትከሻዋ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ሉሎች አተኩሮ ያያል። ሉሎቹ ደብዝዘው ከተደፈጠጡ "አልፈልግም" ይላል። እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ስለዚህ ወደ 23.4 ግራም ብር አለው ማለት ነው። ሳንቲሙ በተፋተገ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠፋው ከፍ ብሎ የወጣው ሉል ነው። ሉሎቹ፣ በእኛ በኢንጂነሮች አነጋገር፣ ያለ ሚዛን የሚሠሩ መለኪያዎች ነበሩ።

አንጎለላ የተወለዱት የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ዳግማዊ ምኒልክ በኋላ የራሳቸውን ብር ፓሪስ ሲያስመቱም ክብደቱ ከጠገራው ጋር ተቀራራቢ ነበር። 1887 ዓ.ም. የሚል ያለበት፣ ባለ አንበሳው ብር እሱ ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ጠገራ ከገበያ እየራቀ ሄደ። ብዙው ቀልጦ መስቀልና ጌጣጌጥ ሆኗል። የተረፈውን መጠበቅ እንግዲህ የእኛ ፈንታ ነው።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለስላሳ መጠቅለያ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ምንድን ነው? የበግ ጸጉር! የመንዝ ባና አለ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ አለ። ግን ብርን በበግ ጸጉር መጠቅለል አይመከርም። ከጸጉሩ ክብደት በመቶ 3 እጅ ገደማ ድኝ ነው። ጸጉሩ ሲያረጅና እርጥበት ሲያገኘው ከድኝ የተሠራ ጋዝ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ጋዙ ብሩን ሲነካ ጥቁር ሽፋን ይፈጠራል። የላስቲክ ማሰሪያም ድኝ አለበት፤ የኩበት ጭስም ያንኑ ይዞ ይመጣል። ድንጋጤን የሚከላከል ለስላሳ ነገር ሁሉ ኬሚካልን አይከላከልም ማለት ነው።

ሙዚየሞች ይህንን በሙከራ ነው የሚለዩት። እ.ኤ.አ. በ1973 በብሪቲሽ ሙዚየም የታወቀው የኦዲ ሙከራ ቀላል ነው፦ ጨርቁን ከብር፣ ከመዳብና ከእርሳስ ቁራጭ ጋር በትንሽ ውኃ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ 60 ዲግሪ ላይ 28 ቀን ያቆዩታል። ብረቱ ከተበላሸ ጨርቁ ውድቅ ነው።

እናንተ ቤት ምን ይደረግ? ታጥቦ በደንብ የደረቀ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ተጠቀሙ። እያንዳንዱን ሳንቲም ለየብቻው ጠቅልሉት፤ ሁለት ሳንቲም ከተነካካ ሉሎቹን ይፋፋቃል። ለስላሳና የሚሸት ፕላስቲክ ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ ስለሆነ ይቅርባችሁ፤ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል። ስትይዙትም ጠርዙን ብቻ ያዙ፤ ላብ ውስጥ ጨው አለ። ደብረ ብርሃን ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ በቀዘቀዘ ብረት ላይ የቤቱ እንፋሎት ጤዛ ይሆናል። ስለዚህ ሳጥኑን ከውጪው ግድግዳና ከወለሉ አርቁት። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምታገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢትም አብራችሁ ክተቱ።

ከጠቆረስ? በአመድ፣ በአሸዋ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና አትፈትጉት። ጥቁሩ ራሱ ከሳንቲሙ ብር የተሠራ ነው፤ በፈተጋችሁት ቁጥር ብር ይሄዳል፣ አዲስ የተገለጠውም እንደገና ይጠቁራል። ቀጭን ጥቁረት ሳንቲሙን አይጎዳውም፤ ተዉት።

አንድ ነገር ቀረ። 1780 የሚለው ቁጥር ታሪኩን ስለማይነግራችሁ፣ ታሪኩ ያለው ቤተሰብ ዘንድ ነው። ማን ለማን እንደሰጠው፣ ለጥሎሽ ይሁን ለእህል ሽያጭ፣ አያቶቻችሁን ጠይቁና በእርሳስ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሳጥኑ ውስጥ አኑሩት።