በጉዞ ላይ የገመድ አልባ ኢንተርኔት አጠቃቀም

በአውቶቡስ እየተጓዙ የኦንላይን ማመልከቻ የሚሞሉ ወይም የአገልግሎት ክፍያ የሚፈጽሙ ተገልጋዮች፣ ግንኙነቱ መሐል ላይ ሲቋረጥ ገንዘቡ መድረሱን ማወቅ ይቸገራሉ። ይህ ገጽ መቆራረጡ የሚፈጠርበትን ምክንያትና ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ያብራራል።

የዋይፋይ ሞገድ ብዙውን ጊዜ ከማሠራጫው ከጥቂት አሥር ሜትሮች በላይ አይዘልቅም። ስለሆነም ከሆቴሉ ወይም ከመናኸሪያው ሲርቁ ይቋረጣል። የሞባይል ዳታ በአንጻሩ ስልኩን ከአንዱ የኔትወርክ ማማ ወደ ቀጣዩ እያስተላለፈ ተጓዡን ይከተላል፤ የሚቋረጠው በማማዎቹ መካከል ሽፋን በማይኖርበት ቦታ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን እንደሚያሻግረው የዓባይ ሸለቆ መንገድ ባሉ ገደላማ ስፍራዎች፣ ተራራው ሞገዱን ሊጋርድ ይችላል። ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ በሚዛወሩበት ጊዜም የስልኩ የኢንተርኔት አድራሻ ስለሚለወጥ፣ ድረ ገጹ እንደገና እንዲገቡ ሊጠይቅና ያልተቀመጠ ቅጽ ሊጠፋ ይችላል።

በዚህም ምክንያት አባሪ ሰነዶችን ከጉዞ በፊት በስልክ ላይ ማዘጋጀት፣ ማመልከቻ የመላክና ክፍያ የመፈጸም ተግባርን ደግሞ ተሽከርካሪው ከተማ ውስጥ እስኪቆም ማቆየት ይመከራል።

ክፍያ በመፈጸም ላይ ሳሉ ግንኙነት ከተቋረጠ ወዲያውኑ በድጋሚ አይክፈሉ። በቅድሚያ የደረሰዎትን የጽሑፍ መልእክትና የሒሳብዎን እንቅስቃሴ ይመልከቱ። የቴሌብር ተጠቃሚ ከሆኑ፣ የስልክ ኔትወርክ እስካለ ድረስ ወደ *127# በመደወል ያለ ኢንተርኔት ቀሪ ሒሳብዎን ማወቅ ይችላሉ። ገንዘቡ ተቀንሶ ማመልከቻው ካልተመዘገበ የግብይት ቁጥሩን ይዘው አገልግሎቱን የሚሰጠውን ተቋም ያነጋግሩ።

በመናኸሪያና በካፌ የሚገኝ ነጻ ዋይፋይ ዜና ለማንበብ ያህል ይበቃል፤ ለክፍያ ግን የራስን ዳታ መጠቀም ይሻላል። ማንኛውም ሰው የካፌውን ስም የያዘ ሌላ ኔትወርክ መክፈት ስለሚችል፣ ትክክለኛውን ስም ከሠራተኞቹ ይጠይቁ። በድረ ገጹ አድራሻ አጠገብ የሚታየው የቁልፍ ምልክት መረጃው በመንገድ ላይ እንዳይነበብ መመስጠሩን እንጂ የገጹን ባለቤት ታማኝነት አያረጋግጥም። በስልክዎ የሚደርስዎትን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይስጡ። የራስዎን ሆትስፖት ለሌሎች የሚያጋሩ ከሆነም የይለፍ ቃል ያድርጉበት።

ሽፋን ካለበት ስፍራ ደርሰው ስልኩ ኔትወርክ ካልያዘ፣ ኤሮፕሌን ሞድን ለጥቂት ሰከንዶች ከፍተው መዝጋት እንደ አዲስ እንዲፈልግ ያደርገዋል። ሞገዱ በደከመበት መንገድ ላይ ስልኩ ማማውን ለማግኘት ተጨማሪ ኃይል ስለሚጠቀም ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ረጅም ሽፋን አልባ ርቀት ሲያጋጥም ይህንኑ ሞድ ከፍቶ መቆየት ባትሪውን ይቆጥባል።